ነውር ሳንፈልግ ችግሩን እንወቅ



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ከጥቂት ወራት በፊት በመስጂዳችን ስለ ሐሺሽ አስተማርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማስረጃ ደርድሬ ተናገርኩ። ስጨርስ አንዲት እናት በር ላይ ጠብቀው እንዲህ አሉኝ፦ «ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥልን። ልጄ ግን ሐራም መሆኑን ድሮም ያውቃል። እኔ የማላውቀው ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስከ መግሪብ የት እንደሚውል ነው። እርስዎ ያውቃሉ?»

አላውቅም ነበር። ይባስ ብሎ ጠይቄም አላውቅም።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሑዘይፋ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናን የተቀበሉ ሰዎች ተጽፈው እንዲቀርቡላቸው አዘዙ። 1,500 ወንዶችም ተጻፉ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ሕዝባቸውን አስቆጠሩ! ሱረቱ ዩሱፍንም እናስታውስ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የንጉሡን ሕልም ፈትተው ብቻ አልተቀመጡም፤ ሰባት የጥጋብ ዓመታት፣ ሰባት የድርቅ ዓመታት ብለው ቆጥረው፣ እህሉ በዛላው እንዲቀመጥ መከሩ። ዕቅዱ የወጣው ረሃቡ ሳይደርስ ነው። ተወኩል ማለት ይህ ነው፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት።

«ታዲያ የሰው ነውር መፈለግ አልተከለከለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ሱረቱል ሑጁራት ስለላን ይከለክላል። ስለዚህ እንዴት እንጠይቅ?

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በሰሜን ጫፍ ያለችው አይስላንድ የሙስሊም ሀገር አይደለችም፤ ጥበብ ግን ባገኘናት ቦታ ትጠቅመናለች። እዚያ በ1998 እ.ኤ.አ ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረው እንደነበር ተናግረዋል። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። በየቀኑ ሲጋራ የሚያጨሱት ደግሞ ከ23 በመቶ ወደ 3 ወረዱ። የለውጡ ምክንያት አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የሠሩበት መንገድ ግን ግልጽ ነው። ተማሪዎች ስም የሌለበት መጠይቅ ይሞላሉ። ጥያቄው «ምን ወሰድክ?» ብቻ አይደለም፤ ከወላጆችህ ጋር ጊዜ ታሳልፋለህ? ማታ ከማን ጋር እንደሆንክ ያውቃሉ? ስፖርት ትሠራለህ? ይላል። ውጤቱ ለየትምህርት ቤቱና ለየአካባቢው ይመለሳል። ወላጆች እርስ በርስ ተስማሙ፤ ልጆች ማታ ውጭ የሚቆዩበት ሰዓት ተገደበ፤ ለስፖርትና ለሌላ የትርፍ ጊዜ ትምህርት የሚከፈለውን የከተማ አስተዳደሮች ደገፉ። ከዚያ እንደገና ይለካሉ።

ልብ በሉ፦ ስም አልተጻፈም። ሰላይ «ማን ነው?» ይላል። እኛ መጠየቅ ያለብን «ስንቶች ናቸው? መቼ? የት? ምን ጎደላቸው?» የሚለውን ነው። የልጁ ነውር ተሸፍኖ ይቆያል፣ የሰፈሩ ችግር ግን ይታወቃል።

እኛም ከመስጂዱ ኮሚቴና ከወላጆች ጋር ተመካክረን በመድረሳችን ሞከርነው። የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ ልጆቹ ምልክት ብቻ እያደረጉ ወረቀቱን በተዘጋ ሣጥን ከተቱ። ሳጥኑ ሲከፈት አፈርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ያስተማርኩበትን ሐሺሽ የነኩት ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ያመለከቱት ለፈተና ጥናት ተብሎ የተጀመረ ጫትን፣ ከዚያም ሺሻን ነበር። ሰዓቱም እኛ የፈራነው ሌሊት ሳይሆን ከትምህርት ቤት መውጫ እስከ መግሪብ ያለው ነበር። ያቺ እናት ልክ ነበሩ።

ስለዚህ ዕቅዳችንን በዚያ ሰዓት ላይ አደረግን። ከዐስር ሶላት በኋላ የመድረሳው ክፍል ለጥናት ተከፈተ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። ቅዳሜ ኳስ አለ። የአንድ ክፍል ልጆች ወላጆች ስልክ ተለዋወጡ። ሱስ የያዘውን ልጅ በመድረክ ከማሳፈር በምስጢር ወደ ሐኪም የሚያደርስ ሰው ተመደበ። ውጤቱን ገና አላውቅም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንጠይቃለን፤ ካልሠራ እንቀይረዋለን።

በሀገራችን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በልጆቻችን ትምህርት ቤት ዙሪያ ሕጉ ይከበር እንደሆነ ግን የሚያየው የሰፈሩ ሰው ነው። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ስለ መንጋችንም እንጠየቃለን። መንጋውን ያልቆጠረ እረኛ የጠፋውን በምን ያውቃል?

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ልጃችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ከትምህርት ቤት በኋላ የት መዋል ትወዳለህ?» ሳትቆጡ መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ።

ያ አላህ! ልጆቻችንን ከሱስ ጠብቅልን። የወደቁትን አንሣልን፣ ነውራቸውን ሸፍንላቸው። እኛንም ሳናውቅ ከመናገር፣ ዐውቀን ዝም ከማለት ጠብቀን። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ!