ሁለተኛው ዲግሪ በምን ይሁን?

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙ ወጣቶች ወደ ቁምስናችን መጥተው ከሚያነሡልን ጥያቄዎች አንዱ «ትምህርታችንን በምን እንቀጥል?» የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ሰው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት፣ ዕድሉም የጥቂቶች ነበር። ዛሬ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የማታና የቅዳሜና እሑድ ክፍሎችም ተከፍተዋል። ምርጫ ሲበዛ ደግሞ የመምረጡ ሸክም በተማሪው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት ልትማከረን መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ዕፀዋትን ትወዳለችና በዕፀዋት ሳይንስ መቀጠል ትሻለች። እናቷና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ግን የሚተዳደሩት በእርሷ ደመወዝ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የተሻለ እንጀራ ያስገኛል ብሎ የሚያምንበትን የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት እንድትመርጥ ይለምናታል። እኛም ብዙ ሳናስብ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይህን ፍላጎት በልብሽ ያኖረው በከንቱ አይደለም፤ የምትወጂውን ተማሪ» አልናት። እርሷም አንገቷን ደፍታ «እሺ አባ፣ የቤት ኪራዩንስ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። እኛ በዘርዓ ክህነት ሳለን የምንበላውን ሌላ ሰው አስቦልናል፤ የምናጠናውንም የመረጡልን አለቆቻችን ናቸው። ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ሰው «ገንዘብን አትመልከቱ» ቢል ምክሩ ርካሽ ነው። እናትን መጦር ትእዛዝ እንጂ ዓለማዊ ምኞት አይደለም። ስለዚህ ደመወዝን ከምክንያቶች መካከል መቍጠር ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሌላው ምክንያት ሁሉ ዝም ተሰኝቶ ደመወዝ ብቻውን ሲናገር ነው።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ስለ ምርጫ ሲያስተምር፣ ብዙዎች መንገዱን አስቀድመው መርጠው ግቡን ከኋላ እንዲከተላቸው ያደርጋሉ ብሎ ያዝናል። ይህን የሚናገረው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በባርሴሎና ከልጆች ጋር ተቀምጦ ላቲን የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1528 ደግሞ ለትምህርት ፓሪስ የገባ ሰው ነውና ነገሩን ያውቀዋል። ከምክሮቹም አንዱ በተለይ ይጠቅመናል፦ ፈጽሞ የማናውቀው፣ ነገር ግን መልካሙን ሁሉ የምንመኝለት ሰው በእኛ ቦታ ቆሞ ቢጠይቀን ምን እንደምንመክረው ማሰብ፣ ከዚያም ያንኑ ለራሳችን ማድረግ ነው።

ኤዲት ሽታይንንም እናስታውስ። በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና ታጠና ነበር፤ ትምህርቱ መሠረታዊ ሐሳቦቹን ገና እንዳላጠራ ስለተረዳች፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ከሁሰርል ፍልስፍና ልትማር ወደ ጌቲንገን ሄደች። በዚያን ጊዜ ጸሎትን ትታ ነበር፤ የመራት ያልተመለሰ ጥያቄዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ዶክትሬቷን በከፍተኛ ማዕረግ አገኘች። ይሁን እንጂ ሴት በመሆኗ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በር ተዘጋባትና ለዓመታት በሽፓየር የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አስተማረች። እንግዲህ ትክክለኛ ምርጫ ሁልጊዜ ወንበር ያስገኛል ማለት አይደለም። (ወላጆች ይህን አንቀጽ ለልጆቻቸው ባያነቡላቸው ይመርጡ ይሆናል።)

መምህርቷን ከሳምንት በኋላ አስጠርተን ይቅርታ ጠየቅናት፤ በዚህ ጊዜ የሰጠናት ምክር ሳይሆን ሥራ ነበር። የሁለቱንም ትምህርቶች ዝርዝር አምጥታ እንድታነብ፣ በሁለቱም የተመረቁትን «ጠዋት ሥራ ስትገቡ ምን ትሠራላችሁ?» ብላ እንድትጠይቅ፣ የቤቱንም ወጪ በወረቀት እንድታሰፍር ነገርናት። ስትመለስ ከኅብረተሰብ ጤና ተመራቂዎች መካከል ሥራ ፈላጊዎች አግኝታ ነበር፤ ቤተሰቡ እርግጠኛ ነው ያለው ነገር እርግጠኛ አልነበረም። ወጪው ግን እርግጠኛ ነው። ስለዚህ ከወንድሞቿ ታላቁ የሙያ ትምህርቱን እስኪጨርስ አንድ ዓመት ቆየች፤ ከዚያም ደመወዟ ሳይቋረጥ በክረምት መርሐ ግብር በዕፀዋት ሳይንስ ተመዘገበች።

እናቷ ግን እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታገኘን ሰላምታዋ አጠር ያለ ነው።