ትምህርት የሚገባው ማን ነው?

«ይህ ልጅ ትምህርት ይገባዋል» ስንል አንድም የተማረውን ያስተውላል፣ አንድም መማር መብቱ ነው ማለታችን ነው። ይህ መንታ ትርጉም ለባለቅኔ ሲሳይ ቢሆንም ለፈራጅ ወጥመድ ነው። ፈተና የሚመዝነው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ እኛ ግን ውጤቱን ይዘን በሁለተኛው እንፈርዳለንና።

ስሕተቱ የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ የ1944 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ካደረገ በኋላ፣ ልጆች በአሥራ አንድ ዓመታቸው ገደማ እየተፈተኑ ያለፉት ጥቂቶች ወደ ግራመር ትምህርት ቤት፣ የቀሩት ብዙኃን ወደ ሌላው ይላኩ ነበር። የማዕድን ቆፋሪውና የሐኪሙ ልጅ ለአንድ ዓይነት ፈተና ተቀመጡ፤ ሚዛኑም ትክክል መሰለ። ማይክል ያንግ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ «ሜሪቶክራሲ» ያለውን ሥርዓት የሣለው በምፀት፣ ለማስጠንቀቂያ ነበር። ቀድሞ ድሃው በትውልዱ ያመካኝ ነበር፤ ሁሉም በፈተና ሲሆን ግን የበላዩ ትሕትናውን፣ የበታቹም ማመካኛውን ያጣል። ቃሉ ዛሬ የሙገሳ ቃል ሆኖ መቅረቱ ያስገርማል።

በአገራችን የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መምህራን ይህን ሁለተኛውን ቁጥር በተለይ እንዲያስተውሉት እወዳለሁ። አንድ ልጅ ሲወድቅ ስለ ስንፍናው መናገር ይቻል ይሆናል፤ አንድ ትምህርት ቤት ከነጎበዙ፣ ከነትጉው ሲወድቅ ግን የተፈተነው ልጁ ነውን? ኩረጃን ለመግታት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲፈተኑ መደረጉን እደግፋለሁ፤ የታመነ ሚዛን ሲጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው ዘመድ የሌለው የድሃ ልጅ ነው። ነገር ግን ሚዛን የእህሉን ክብደት እንጂ ማሳው ዝናብ ማግኘት አለማግኘቱን አይናገርም።

ያለፈው የቀን ሠራተኛ ልጅ ደግሞ ወዲያው በቀሩት ላይ ምስክር ተደርጎ ይጠራል፤ «እሱ ከቻለ እናንተስ?» ይባላል። ደብተሩ የተገዛው ግን፣ በብዙ ቤት እንደምናየው፣ ታላቅ እኅቱ ትምህርቷን አቋርጣ እንጀራ ጋግራ በሸጠችው ገንዘብ ነው። ስሟ ከውጤት መግለጫው ላይ የለም። ዛሬ ልማር ብትል፣ ከምጣዱ ስትነሣ ልትደርስበት የምትችል የማታ ትምህርት በሠፈሯ ይኖር ይሆን?