ላጲስ

ኅዳር ላይ ለእረፍት ወረታ ሄጄ፣ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ስለ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንዳስተምር ተጠየቅኩ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕላቸውን በስልኬ አሳየኋቸውና «ይህን ሣሉ» አልኳቸው።

አንዷ ግን የሣለችው እናቷ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ስታጭድ ነው። «ይሄ አይደለም የተባለው» ብዬ ላጲስ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ እናቴ እኮ ናት» አለችና አጠፋችው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ኮድ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። የልጅቷንም ሥዕል እንደ ኮድ አረምኩት። አይቶ መሣል ክፋት የለውም፤ እጅ የሚፈታው በእሱ ነው። ግን ልጆቹ እንዲወርሱ የምንፈልገው ምኑን ነው፤ ሥዕሉን ወይስ የሠዓሊውን ዓይን? አፈወርቅ በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። የተባሉትን ብቻ አድርገው ቢሆን ኖሮ ያ መስታወት ዛሬ የለም። እኔ ግን ስለ እሳቸው እያስተማርኩ፣ እሳቸውን ሠዓሊ ያደረጋቸውን ነገር ከልጅቷ ወረቀት ላይ አስጠፋሁ።

በማግስቱ ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኳትና «ደስ ያለሽን ሣዪ» አልኳት።

አሳምራ ሣለች። የመስታወቱን ሥዕል።