ገንዘብ ያልተከፈለበት ሁሉ ነጻ ነውን?

ገንዘብ ያልተከፈለበት ነገር ሁሉ በነጻ የተገኘ ነው ሊባል ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ባለፈው ክረምት ኒሯቅ ላይ ሕፃናትን ሥዕል ስናስተምር በራሳችን ስሕተት የመጣብን ነው።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዕረፍት በተመለስንበት ወቅት፣ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሰብስበን ለእንቁጣጣሽ የሚሰጥ የአበባ ሥዕል ልናሠራቸው አሰብን። ብሩሽ ግን አልነበረንም። ስለዚህ «ከደጅ ያገኛችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ» አልናቸው። ቀለሙ አላስቸገረንም፤ ከሰል ፈጭተን፣ ቀይ አፈር ነፍተን፣ እርድ በጥብጠን፣ ከወረቀቱ ጋር እንዲጣበቅ በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ጨመርንበት። ልጆቹም የዶሮ ላባ፣ የሣር እስር፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አመጡ። አንዱ እረኛ ከአበርገሌ ፍየሉ ጭራ የወሰደውን ፀጉር በእንጨት ጫፍ ላይ በክር አስሮ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር ለዚህኛው ከብሩሽ ሌላ ስም አይገባውም። ላባ ቀጭን መሥመር ያወጣል፤ ቆረቆንዳ ሲንከባለል ነጠብጣብ ይተዋል፤ ጫፉ የታኘከ የማሽላ አገዳ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ከመቃ ብርዕ ቀርፀው፣ ከጥላሸት ቀለም በጥብጠው ኖረዋልና ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

በሁለተኛው ቀን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቅጠሉ የለመለመ ትልቅ ቅርንጫፍ እየጎተተች መጣች። ቅጠሉን ቀለም ቀብተን ወረቀት ላይ ስናትመው እጅግ ያምር ነበርና አጨበጨብንላት። አያቷ ተከትለዋት መጥተው ኖሯል። ልጅቱን አልተቆጧትም፤ ወደ እኛ ዞረው «ልጆቼ፣ ይህን ቁረጪ ያላት ማነው?» አሉን። ቅርንጫፉ የዕጣን ዛፍ ነበረ።

የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በዚያን ጊዜ ቅርፊቱ በስለት እየተፋቀ ዕጣኑ ይለቀማል። ክረምት ሲገባ ቅጠል አውጥቶ ያገግማል። ያለ ዕረፍት የሚቆስል ዛፍ ዘሩ ይደክማል፤ የበቀለውንም ችግኝ ከብት ይበላዋል፤ በዚህም ምክንያት በብዙ ቦታ አሮጌው ዛፍ ሲሞት የሚተካው ወጣት ዛፍ አይገኝም። በቤተ ክርስቲያን የሚታጠነው ዕጣን ከዚህ ቁስል የሚወጣ መሆኑን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? እኛም በዕረፍታችን ወራት መጥተን፣ እርሱን በዕረፍቱ ወራት አስቆረጥነው።

የዚያን ዕለት ማታ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ «አንድ ቅርንጫፍ ምን ያህል ነው? ፍየል በቀን ከዚያ የበለጠ ትበላለች» አለ። ሐሰት አልተናገረም። ይሁን እንጂ ፍየሏ የምትበላው ለመኖር ነው፤ ደግሞም ማንንም አላስተማረችም። እኛ ግን ለሃያ ልጆች «ሁሉ» የሚል ቃል ሰጥተን ነበር፤ ሃያውም ቢታዘዙንስ? ሌላዋ ጓደኛችን ሥዕሉ ጨርሶ ይቅር አለች። ይህንንም አልተቀበልነውም። በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ የአበርገሌ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሎ ነበር፤ ከእነዚህም ልጆች መካከል ጨቅላነታቸውን በስደት ያሳለፉ አሉ። ለእነርሱ ከቀለም ጋር የሚውሉበት ግማሽ ቀን ትንሽ ነገር አይደለም። በነገራችን ላይ ብሩሽ ማጣትን እንደ ጽድቅ የምናወድስ አይምሰላችሁ፤ ብሩሽ ቢገኝ ደስ ባለን።

በማግስቱ ቃላችንን ለወጥን፦ «የወደቀውን ብቻ አምጡ» አልን። የተቆረጠውም ቅርንጫፍ በከንቱ እንዳይቀር፣ ሳይጠወልግ በቅጠሎቹ ሁሉ አተምንባቸው። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «ነፋስ የጣለውንስ?» አለችን።

«ይቻላል።»

«እኔ ነቅንቄ ብጥለውስ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። አያቷ ከበሩ ላይ ቆመው ሳቁ። እኛ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠናትም።