የጠጠሩ ውሸት

በጫንጮ ሜዳ እንዲህ ሆነ እንበል። የአገሩን ባላባት ከብት ዘራፊ ቢያስቸግረው ሀያ ፈረሰኛ ቀጠረ፤ ጉብታው ላይም ጡሩንባ ነፊ አቆመ። ኡኡታ በተሰማ ቁጥር ጡሩንባው ይነፋል፤ ሀያውም ወደ አንድ ወገን ይጋልባል፤ ዘራፊው ባዶ በቀረው በኩል ይገባል።

አንዲት ባልቴት መጣችና «ጌታዬ፣ ሰዎችዎ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። ለየራሳቸው ጡሩንባ ይስጧቸውና ያሉበትን ይንገሩኝ» አለችው። ቁርበት አንጥፋ ለየፈረሰኛው አንድ አንድ ጠጠር አስቀመጠች። ጡሩንባ በመለሱላት ቁጥር ጠጠሩን ታንቀሳቅሳለች፤ ኡኡታ ሲመጣ ቅርብ ያለውን ብቻ ትልካለች። ዝርፊያው ጋብ አለ።

አንድ ምሽት አንዱ ፈረሰኛ አማቶቹ ቤት ጠላ እየጠጣ፣ «ወንዙ ዳር ነኝ» የሚለውን ምልክት ነፋ። በነፋሻ ሌሊት ድምፁ ከየት እንደመጣ ማን ይለያል? ጠጠሩ ወንዝ ዳር ተቀመጠ። ዘራፊዎቹ በወንዙ በኩል ሲመጡ ባልቴቷ እሱን አዘዘች፤ ሌላ አላስከተለችም። ሲነጋ በረቱ ባዶ ነው። ባላባቱ ተቆጥቶ ባልቴቷን አባረረና ጠጠሮቹን በብር አስለበጣቸው።

የእውነቱም ታሪክ ከዚህ ተረት አይርቅም። በ1928 እ.ኤ.አ. የዲትሮይት ፖሊስ መኪኖች ላይ ሬዲዮ ሲገጠም፣ ፖሊሶቹ ትእዛዝ ይሰማሉ እንጂ በሬዲዮው መመለስ አይችሉም ነበር። ዛሬ መኪናው ያለበትን ቦታ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም ለጠሪው የሚቀርበውን መርጦ ያቀርባል። ጠጠሩ አሁን ስክሪን ላይ ነው። ግን ስክሪን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። በጥቅምት 1992 እ.ኤ.አ. የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት ሥምሪቱን ለአዲስ ኮምፒዩተር ሲሰጥ፣ ማሽኑ መኪኖቹ የት እንዳሉ ጠፋበት፤ አንዱ ጥሪ ዘንድ ሁለት መኪና ሲደርስ ሌላው ዘንድ የሚደርስ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ወደ ወረቀት ተመለሰ።

እኛ ዘንድ ችግሩ ድርብ ነው። ጠሪውም ቢሆን አድራሻው «ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ጋ» ነው፤ ሰሚው አገሬው ካልሆነ የትኛው ወፍጮ ቤት ይላል? ለዚህ ነው ባልቴቷን ማባረር ከሌባው የባሰ ጉዳት የሆነው፤ የአገሩን ወፍጮ ቤት ሁሉ የምታውቀው እሷ ነበረች።

የሥምሪት ሥርዓት ልትገዙ ያሰባችሁ የፖሊስ ኃላፊዎች ሆይ፣ ከስክሪኑ በፊት ሁለት ነገር አስተካክሉ፦ ፖሊሱ ያለበትን በእውነት የሚናገርበትን ደንብ፣ ስልኩን የሚያነሳውንም አገር የሚያውቅ ሰው።