ሦስት ጫማ የለቀቀው ማን ነው?

ቻይናዎች ፍርድ ቤት መካሰስን በተራ ንግግር «ዳ ጓንሲ» ይሉታል፤ «ዳ» መምታት ነው። ከዱላ ጋር እንዳላያይዘው፣ ስልክ መደወልንም በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። እኛስ ስልክ እንመታ የለ? እኔን በጥብቅና ሥራዬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ መካሰስ ነውር ነው ወይ?

ፈላስፋቸው ኮንፊሽየስ በሉ ግዛት የፍትሕ ሹም ነበር ይባላል። ሙግት በመስማት ከማንም እንደማይበልጥ፣ ምኞቱ ግን ሙግት ጭራሹን እንዳይኖር እንደሆነ ተከታዮቹ ጽፈውለታል። የዚህ ትምህርት ማሳያ በአንሁዊ ክፍለ ሀገር፣ በቶንግቸንግ ከተማ ዛሬም ይጎበኛል። እንደሚተረከው፣ በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን የከፍተኛው ሹም የዣንግ ዪንግ ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ድንበር ተጣላና «ድረስልን» ብሎ ቤጂንግ ላከበት። ሹሙ ሦስት ጫማ እንዲለቁ በግጥም መለሰላቸው። ለቀቁ። ጎረቤትም አፍሮ ሦስት ለቀቀ። በመሃል የቀረው መተላለፊያ «የስድስት ጫማ መንገድ» ይባላል።

ደስ ይላል። ሰነዷን በፌስታል ጠቅልላ ለምትመጣ መበለት ግን አልተርከውም። ዣንግ ዪንግ ቢካሰስ የሚረታ ሰው ነበር፤ ስለዚህ መልቀቁ ቸርነት ሆነለት። እሷን የባሏ ወንድም መሬቷን ወስዶባት ሽማግሌ «ለሰላም ስትይ ተይው» ይላታል። ለእሱ «መልስላት» የሚለው የለም። ይህን እርቅ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

የቻይናዊው ዳይሬክተር የዣንግ ዪሞ ፊልም «የቺዩ ጁ ታሪክ» (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1992) ነገሩን በደንብ ያሳያል። የመንደሩ አለቃ የቺዩ ጁን ባል ብልቱ ላይ ይረግጠዋል። ነፍሰ ጡሯ ሚስት ደረቅ በርበሬ በጋሪ እየጫነች፣ ሸጣ መንገድ እየከፈለች፣ ከወረዳ እስከ ከተማ አቤት ትላለች። አለቃው ካሣ ክፈል ሲባል ብሩን መሬት ላይ ይበትነዋል፤ ለእያንዳንዷ ኖት ባጎነበሰች ቁጥር ለእሱ እጅ መንሳቷ ነው። ጥላው ትሄዳለች። የፈለገችው ጥፋቱን እንዲያምን ብቻ ነበር። በምጥ ስትያዝ ነፍሷን የሚያተርፋት ያው አለቃ ነው፤ ጉዳዩን ልትተወው ስትል የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ደርሶ 15 ቀን ይታሰራል። ፍርድ ቤት የሚሰጠው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ይቅርታ አይሰጥም።

እናንተ ለሽምግልና የምትቀመጡ፣ እባካችሁ፦ ተበዳይን «ተይው» ከማለታችሁ በፊት፣ ብሩን መሬት ላይ የጣለውን ሰው «አንሣ» በሉት።