በሰው ስም መነገድና ሰባተኛው ትእዛዝ

ንባብ፦ ዘዳግም 25፣13-16፤ ሉቃስ 19፣1-10



ኦሪት ዘዳግም ነጋዴ በከረጢቱ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የሆኑ ሁለት መመዘኛዎችን እንዳይይዝ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ ስንሰማ የምናስበው የእህልና የቅቤ ሚዛን ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ገበያ ስምና ምልክትም ይሸጣል። አንድ ተራ ካናቴራ የታወቀ የስፖርት ቡድን ምልክት ሲታተምበት ዋጋው ከፍ ይላል። እንግዲህ ያንን ምልክት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትሞ መሸጥ ኃጢአት ነውን?

በአሜሪካ ይህ ጥያቄ የፌዴራል መርማሪዎችን እስከ ትናንሽ ሱቆች ደጃፍ አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሆነ ብሎ በሐሰተኛ የንግድ ምልክት የሚነግደውን ሰው በወንጀል ይጠይቃል። በአሁኑ ጊዜ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት እንኳ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርማሪዎችና የጉምሩክ ሠራተኞች «ኦፕሬሽን ቲም ፕሌየር» በተባለው ዘመቻ ሐሰተኛ ማልያዎችንና ኮፍያዎችን ይይዛሉ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የካንሳስ ሲቲ ቤዝቦል ቡድን ከ29 ዓመት በኋላ ለዋንጫ ፍጻሜ በደረሰ ጊዜ ከተማው በደስታ ተሞልቶ ነበር። በዚያ አንዲት የትንሽ ሱቅ ባለቤት ቡድኑን የሚያወድስ ሥዕል በውስጥ ልብስ ላይ አሳትማ ለመሸጥ አዘጋጀች። መርማሪዎች ወደ ሱቋ መጥተው ልብሶቹን ወሰዱባት። ሥዕሉን በገዛ እጇ ስለ ነደፈችው ሕግ የተላለፈች አልመሰላትም ነበር። መርማሪዎቹ ግን «ኬ» እና «ሲ» የተባሉት ፊደላት ተያይዘው በመጻፋቸው ሥዕሉ የቡድኑን ምልክት የሚነካ ሆኖ እንደ ተገኘ ነገሯት።

ይህን የሰሙ ሰዎች በሁለት ወገን ይፈርዳሉ። አንዱ፦ «የቡድኖቹ ባለቤቶች ባለጠጎች ናቸው፤ ነገሩ ዓባይን በጭልፋ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ፦ «ሕግ ሕግ ነው፤ የጣሰ ይቀጣ» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለቱንም ትመረምራለች።

ለፊተኛው የምንመልሰው ይህ ነው፦ ሰባተኛው ትእዛዝ የባለ ንብረቱን ሀብት መጠን አይጠይቅም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በጻፉት «ቼንቴሲሙስ አኑስ» በተባለው መልእክታቸው (ቁ. 32) ዕውቀትና ጥበብ ከመሬት የማያንስ የንብረት ዓይነት መሆናቸውን አስተምረዋል። ደግሞም ሐሰተኛውን ዕቃ እንደ እውነተኛ የሚሸጥ ሰው ባለ ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ይበድላል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልናስተውለው ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. አገራችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የተባሉት የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡላት በጠየቀች ጊዜ ተቃውሞ ገጥሟት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። በዚያ ክርክር ወቅት በስሙ ውስጥ የገበሬው ላብ አለ ተብሎ ተሟግተንለታል። ታዲያ የእኛ ስም ሲወሰድ ስርቆት፣ የሌላው ስም ሲወሰድ ግን ብልሃት ነው ብንል፣ ኦሪት የከለከለችውን ሁለት መመዘኛ በከረጢታችን ይዘናል ማለት ነው።

ለሁለተኛው ደግሞ የምንለው አለን። ኃጢአት ከባድ የሚሆነው በዕውቀትና በፈቃድ ሲፈጸም ነው። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ሕግም ቢሆን ወንጀለኛ የሚለው እያወቀ ያደረገውን ነው። ስለዚህ በቅንነት የተሳሳተችው ባለ ሱቅ፣ በሺህ የሚቆጠር ሐሰተኛ ዕቃ እያወቀ ከሚያስገባው ነጋዴ ጋር በአንድነት አትመዘንም። ሥልጣን የያዘ ሰውም ይህን ልዩነት የማየት ግዴታ አለበት። ከዚህም በላይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2409) በንግድ ማታለልን ሲያወግዝ፣ ተገቢ ያልሆነ ደመወዝ መክፈልንና በሌላው ችግር ተጠቅሞ ዋጋ መቈለልንም በዚያው ቁጥር ያወግዛል። እንግዲህ ኩባንያው ሕጋዊ ፈቃድ በእጁ ቢኖረውም፣ ማልያውን ለሰፋችው ሴት የሚገባትን ካልከፈላት በዚያው ትእዛዝ ይጠየቃል። ወደ እርሱ የሚመጣ መርማሪ ባይኖር እንኳ እግዚአብሔር ያያል።

«ልጆቼን ለማሳደግ ብዬ ነው» የሚለውን ወንድማችንን አንናቀው። ድህነቱ ስርቆቱን ጽድቅ አያደርግለትም፤ ነገር ግን ሐቀኛ እንጀራ የሚያገኝበትን መንገድ አብረነው መፈለግ የእኛም ዕዳ ነው። የቁምስናችሁ ወጣቶች ለበዓል የሚሸጡትን ካናቴራ ሲያሳትሙም የሰው ምልክት ከመውሰድ የራሳቸውን ሥዕል ይንደፉ። ሳያውቅ ያደረገ፣ ባወቀ ጊዜ ያቁም። እያወቀ ያደረገ ንስሐ ይግባ፤ ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2412) እንደሚያዝዘውም በግፍ የወሰደውን ይመልስ።

ዘኬዎስ የበደላቸውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል በገባ ጊዜ ያስገደደው ወታደር አልነበረም። በቤቱ የነበረው እንግዳ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነበር። ያው ጌታ ወደ ሱቃችንና ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲገባ አንድ መመዘኛ ብቻ ይዘን ያገኘን ዘንድ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።